ማን ፈቀደ? የአንድ መደብር ቻት ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ነገሩ የጀመረው በሲሚንቶ ነው። ኮምቦልቻ ካለው መጋዘን 40 ኩንታል ሲሚንቶ ወጣ። የወጣው በድሮው ዋጋ ነው። ዋጋው ግን ከሁለት ቀን በፊት ጨምሯል። ደሴ ያለችው የሒሳብ ሠራተኛ ወረቀቱን ስታየው ደነገጠች። «ይሄን ማን ፈቀደ?»

የመጋዘኑ ሰውዬ «ቴሌግራም ላይ ተጽፎልኛል» አሉ። የሽያጩ ልጅ «እኔ የጻፍኩት ስለ ሌላ ደንበኛ ነው» አለ። ሁሉም ሐጂ እያለ የሚጠራቸው ባለቤቱ ማስታወስ አልቻሉም። ግሩፑ ተከፈተ። ጣት እስኪዝል ወደ ላይ ተጎተተ። የጁምዓ ሙባረክ ምስል፣ የአንድ ሠራተኛ አራስ ልጅ ፎቶ፣ የኳስ ክርክር፣ የጠፋ ቁልፍ ፍለጋ። መሀል ላይ «እሺ ይውጣ» የሚል መልእክት ተገኘ። ምን ይውጣ? ለማን? በስንት? የለም።

ያኔ የመደብሩን ሶፍትዌር የምንከባከበው እኔ ነበርኩ። ሐጂ ወደኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ኮምፒውተርህ ዕቃውን ያውቃል፣ ዋጋውን ያውቃል። ማን እንዳዘዘ እንዴት አያውቅም?»

መልስ አልነበረኝም። ቀጥሎ የማወራው ያንን መልስ ስንፈልግ ምን እንደሠራን፣ የት የት እንደተሳሳትኩም ጭምር ነው።

መደብሩ

ንግዱ የግንባታ ዕቃ ማከፋፈል ነው። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም። ዋናው ሱቅና ቢሮው ደሴ ነው። መጋዘኑ ኮምቦልቻ ነው፤ ከባድ መኪና እዚያ ቢያራግፍ ይሻላል፣ የሐረጎን ዳገት ጭኖ መውጣት ናፍጣ ይበላል። ሐይቅ ከተማ ደግሞ አንድ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጠዋት ጋቢ ያስለብሳል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ በሸሚዝ ትሆናለህ። ብርዱና ሙቀቱ ለየቅል ነው፣ ሒሳቡ ግን አንድ ነው።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የመደብሩ የወረቀት መዝገብ አብሮ ጠፋ። ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት የሚያውቀው የሐጂ ጭንቅላት ብቻ ሆነ። ሶፍትዌር የገባው ከዚያ በኋላ ነው። የመረጥነው ኦዱ የሚባለውን የንግድ ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። ቤልጅየም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ታይኒ ኢአርፒ ተብሎ ጀመረ፤ ቀጥሎ ኦፕን ኢአርፒ ተባለ፤ ከ2014 ወዲህ ኦዱ ነው። የኮሚዩኒቲ ስሪቱ ኦፕን ሶርስ ነው። በሠራተኛ ቁጥር አያስከፍልም፣ ኮዱን ከፍተህ እንደሚመችህ ትለውጠዋለህ። 15ኛውን ስሪት ደሴ ቢሮ በተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። ሽያጩ፣ ግዢው፣ ክምችቱ፣ ደረሰኙ ሁሉ ገባ። ወሬው ግን ቴሌግራም ላይ ቀረ።

የሲሚንቶው ጉዳይ ካለፈ በኋላ ሁላችንም «አንድ ቀን ቻቱን እናስገባለን» እያልን ተኛን። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራትም አልተመለሰም። ግሩፑ ጸጥ አለ። ቢሮውና መጋዘኑ የገመድ መስመር ነበራቸው፤ እሱ በሠራ ጊዜ ሁለቱ ይገናኛሉ። መስመሩ ሲጠፋም ሰርቨሩ እዚያው ደሴ ቤት ውስጥ ስለሆነ ሱቁና ቢሮው አይቆራረጡም። «አንድ ቀን» ያልነው ቀን መጣ ማለት ነው።

ወሬው ከወረቀቱ ሥር

በንግድ ሶፍትዌር ውስጥ ወሬ ማስገባት የኔ ግኝት አይደለም። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2006 ሰውን አጭር አጭር መጻፍ ካስለመደ በኋላ ያመር የሚባል አገልግሎት በ2008 ያንኑ ለመሥሪያ ቤት አመጣው። የሶፍትዌር ድርጅቱ ሴልስፎርስ በ2010 ቻተር የሚባለውን የራሱን አስከተለ። ኦፕን ሶርሱ መንደርም ብዙ አልዘገየም፤ ኦፕን ኢአርፒ በ2012 መጨረሻ ባወጣው 7ኛ ስሪት ከየሰነዱ ሥር የመልእክት ሰንሰለት አስገባ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሜይል ትሬድ የሚባል ክፍል አለ። አንድ የሰነድ ዓይነት ይህን ክፍል እንዲወርስ በኮዱ ላይ ጥቂት መስመር ይጨመራል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ትዕዛዝ፣ እያንዳንዱ የግዢ ወረቀት የራሱን ወሬ ከሥሩ ይዞ ይኖራል። ሽያጭና ግዢ ይህ ቀድሞም ነበራቸው፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም እንጂ። እኔ የጨመርኩት ለመኪና ጭነት መዝገባችን ነው፤ እሱን ራሴ ስለጻፍኩት ወሬ አልነበረውም።

የበለጠ የጠቀመን ግን ትራኪንግ የሚባለው ነገር ነው። አንድ ሳጥን ላይ ይህን ምልክት ካደረግክበት ሰው ምንም ሳይጽፍ ሶፍትዌሩ ራሱ ይጽፋል። የድሮው ዋጋ ይህ፣ አዲሱ ይህ፣ የለወጠው እገሌ፣ ሰዓቱ ይህ። የዕቃ ዋጋ ላይና የትዕዛዝ ዋጋ ላይ አደረግኩት። እውነቱን ለመናገር፣ እነሱ ቻት ሲሉኝ ከሚፈልጉት ግማሹ ይሄ ነበር። ከማውራት ይልቅ ምስክር ነው የጎደላቸው።

ሌላም ጥቅም አለው። ፌሮ በውፍረቱ ይጠራል፤ «ባለ 12» ይባላል፣ 12 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የአንዱ ቤርጋ ርዝመትም 12 ሜትር ነው። ቴሌግራም ላይ «ፌሮ 12 30 ላክ» ተብሎ ሲጻፍ ባለ 12 ሠላሳ ቤርጋ ነው ወይስ ሌላ? ኮምቦልቻ ያሉት የመጋዘን ሰውዬ በዚህ ዓይነት አጻጻፍ ስንት ጊዜ ተሳስተዋል። ወሬው ከትዕዛዙ ሥር ሲሆን ውፍረቱም ብዛቱም ከላይ ተጽፏል። «ይላክ» ማለት ብቻ በቂ ነው።

እንደ ፖስታ ቤት

የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነበር። ደሴ የተጻፈው ኮምቦልቻ አይታይም። ገጹን ካደሱት በኋላ ነው የሚመጣው። የመጋዘኑ ሰውዬ ደወሉ። «ልጄ፣ ቻትህ ፖስታ ቤት ነው እንዴ? ሄጄ ካልጠየቅኩት አይሰጠኝም።»

ጥፋቱ የኔ ነው። ኦዱን ወርከር በሚባሉ ብዙ ሂደቶች ከፋፍለህ ስታስኬደው፣ የፈጣን መልእክቱን ሥራ የሚይዝ አንድ ሂደት ለብቻው በፖርት 8072 ይቀመጣል፤ ፖርት የሰርቨሩ የመግቢያ በር ቁጥር ነው። ሌላው ሥራ በ8069 ያልፋል። ከፊት ቆሞ የሚመጣውን ጥያቄ የሚያከፋፍለው ኤንጂንኤክስ የሚባለው ሶፍትዌር የፈጣን መልእክቱን፣ ማለትም የሎንግፖሊንግ ጥያቄዎችን ለይቶ ወደ 8072 መላክ አለበት። እኔ ሁሉንም በ8069 አጨናንቄው ነበር። የሰርቨሩ መዝገብ በስህተት መልእክት ተሞልቶ ሳለ አንድ ጊዜም ከፍቼ አላየሁም።

ሎንግፖሊንግ ማለት፣ ብሮውዘሩ «ወሬ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ቶሎ «የለም» አይለውም። እስከ 50 ሰከንድ ያህል ይይዘዋል። በመሀል ወሬ ከመጣ ይሰጠዋል፣ ካልመጣ ያሰናብተውና ብሮውዘሩ እንደገና ይጠይቃል። ከ16ኛው ስሪት ጀምሮ ዌብሶኬት በሚባል፣ ሳይዘጋ ክፍት በሚቆይ መስመር ተተክቷል። የኤንጂንኤክሱን መስመሮች አስተካክዬ ሳስነሳው መልእክቱ ወዲያው ደረሰ። ሰውዬው መልሰው የጻፉልኝ አንድ ቃል ነው፤ «አብሽር»።

ውሎ

የሰነዱ ወሬ መልክ ሲይዝ ትዕቢት መጣብኝ። ትንሽ ትዊተር ልሥራላቸው አልኩ። ሦስቱ ቅርንጫፎች አጭር አጭር ይጽፋሉ፤ ምን ገባ፣ ምን አለቀ፣ መንገዱ እንዴት ነው። ስሙን «ውሎ» አልኩት፣ ቀኑ እንዴት ዋለ እንደማለት። ሐጂ «ወሎ» ብለው አነበቡት። ማንም አላረማቸውም፤ እሱም ያስኬዳል።

ልኩን 140 ፊደል አደረግኩ። የትዊተር 140 የመጣው ከስልክ የጽሑፍ መልእክት ነው፤ አንዱ 160 የላቲን ፊደል ይይዛል፣ 20ው ለስም ተቀነሰ። በአማርኛ ሲጻፍ ግን ያው የስልክ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2017 ልኩን ወደ 280 ሲያሳድገው የግዕዝ ፊደልን እንደ ሁለት ስለሚቆጥር ለኛ ያው 140 ሆኖ ቀረ። ግን አይጎዳንም። «አልተላከልንም» 8 ፊደል ነው፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። በ140 ፊደል የአንድ ሱቅ የቀን ሥራ ተነግሮ ቦታ ይተርፋል።

ችግሩ ልኩ አልነበረም። እርስ በርስ መከታተያ ሠራሁ፣ ሃሽታግ ሠራሁ። በጣት ለሚቆጠሩ ሰዎች! ማን ማንን ይከተላል? ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ከሁሉ የባሰው ግን የላይክ ቁልፉ ነው። «ላይክ» ማለት ስላልጣመኝ «ጀባ» ብዬ ጻፍኩበት። ወሎ ቡና ሲቀርብ፣ ነገር ሲሰጥ ጀባ ይባላል፤ እንካ፣ ተቀበል ነው። ደስ የሚል መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን የሐይቁ ሱቅ «20 ባልዲ ቀለም እንፈልጋለን» ብሎ ውሎ ላይ ጻፈ። የመጋዘኑ ሰውዬ አንብበው «ጀባ»ን ተጫኑ። አየሁት ለማለት ነው። ሐይቅ ያለው ልጅ «ጀባ ተብሏል፣ ወጥቷል ማለት ነው» ብሎ ለደንበኛ ቀጠሮ ሰጠ። ሒሳብ ሠራተኛዋም ወጪ ብላ ልትመዘግበው ነበር። ባልዲዎቹ ግን ከመደርደሪያው አልተነቃነቁም። ቃሉን ከሚያውቀው ሰው ላይ ወስጄ ሌላ ትርጉም የለጠፍኩበት እኔ ነኝ።

ቁልፉን አነሳሁት። መከታተያውንና ሃሽታጉንም ጣልኩ። የሳምንታት ሥራ ገደል ገባ። ውሎ አሁን አንድ ተራ ቻናል ነው። በቀን ሁለቴ ይጻፍበታል፣ ጠዋት ሲከፈትና ማታ ሲዘጋ። ጀባ ግን አልሞተም። የመጋዘኑ ሰውዬ ዕቃ ጭነው ሲያስወጡ ከትዕዛዙ ሥር በእጃቸው «ጀባ» ብለው ይጽፋሉ። እዚያ ቦታው ነው።

ኮንትራክተሩ

ወደሚያሳፍረው ልምጣ። ከሰነዱ ሥር ያለው መጻፊያ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ መልእክት መላኪያ ነው፣ ሌላው ማስታወሻ መመዝገቢያ። ጎን ለጎን ስለተቀመጡ መንታ ይመስላሉ። ማስታወሻው ለቤት ሰው ብቻ ነው። መልእክቱ ግን ሰነዱን ለሚከታተል ሁሉ በኢሜይል ይሄዳል። ሽያጭ ሲጸድቅ ደግሞ ደንበኛው ራሱ ከተከታታዮቹ ይደመራል።

ይህን አውቅ ነበር። ለሠራተኞቹ ሳላስረዳ ቀረሁ። ሥልጠናውን በአንድ ከሰዓት ጨርሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የሽያጩ ልጅ በአንድ ኮንትራክተር ትዕዛዝ ሥር እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «ለዚህ ሰውዬ ዱቤ እንዳይሰጥ። የአምናውንም እያስለቀሰ ነው የከፈለው።» ለሒሳብ ሠራተኛዋ መንገሩ ነበር። የተጫነው የመጀመሪያውን ቁልፍ ነው።

ኮንትራክተሩ አልደወለም። ራሱ መጣ። ሐጂ ሱቁ ውስጥ ቡና እየጠጡ ነበር። ሰላምታውን ሰጠ፣ ተቀመጠ፣ ስልኩን አወጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው። ልጁ የሚገባበት ጠፋው። እኔ ስልክ ተደውሎልኝ ስደርስ ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ነው።

ሐጂ አልተቆጡም። «አምና አስለቅሰኸናል እኮ፣ ውሸት ነው?» አሉት። ሰውዬው ሳቀ። ልጁ ተጠርቶ ይቅርታ ጠየቀ። ሐጂ ቀጥለው እኔን አዩኝ። እንደዚያ ከሚያዩኝ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ኮንትራክተሩ እስከ ዛሬ ደንበኛ ነው። በመጣ ቁጥር «ዛሬስ ምን ጻፋችሁብኝ?» ይላል።

በዚያው ማታ የመልእክት መላኪያውን ቁልፍ ከሒሳብ ሠራተኛዋ በቀር ከሁሉም ደበቅኩ። ደንበኛ በራሱ ተከታታይ የሚሆንበትንም አጠፋሁ። ይህን አሠራር ለማስገባት የሚያስብ ሰው ካለ ከዚህ ይጀምር። በራስህ ኢሜይል የሐሰት ደንበኛ ፍጠር፣ የሚደርስህን አንብብ፣ ከዚያ ለሰው ክፈት።

ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ኃይቅ

ወሬው ሲከማች ፍለጋ ያስፈልጋል። በመልእክቶቹ ሁሉ ውስጥ የሚፈልግ አንድ ገጽ ሠራሁ። ሒሳብ ሠራተኛዋ «ሐይቅ» ብላ ጻፈች። የወጣው ጥቂት ነው። «ሀይቅ» ስትል ሌላ ወጣ። «ኃይቅ» ስትል ደግሞ ሌላ። አንድ ከተማ በሦስት ሆሄ ተጽፋ ሦስት ከተማ ሆናለች። ዕቃና እቃ፣ ሒሳብና ሂሳብ፣ ሠራተኛና ሰራተኛም እንደዚያው።

ለሰው ይህ ችግር አይደለም፤ ዓይናችን አልፎት ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ግን ሐንና ሀን ጭራሽ አያዛምዳቸውም።

መፍትሔው ከጠበቅኩት በላይ ቀላል ሆነ። ኦዱ መረጃውን የሚያስቀምጠው ፖስትግሬስ በሚባል የመረጃ ቋት ላይ ነው። ፖስትግሬስ አናክሰንት የሚባል ቅጥያ አለው። የተሠራው የፈረንጆቹን ፊደል ጭረትና ነጥብ አራግፎ ለመፈለግ ነው። የሚመራው በአንድ ተራ የደንብ ፋይል ነው፤ በየመስመሩ የሚለወጠው ፊደልና የሚተካው ፊደል ይጻፋሉ። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። አምስት ቤት በሰባት ድምፅ 35 መስመር ነው። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ለመመለስ ሁለት ጨመርኩ። በድምሩ 37 መስመር። ሐና ኀ፣ ዐም ራብዓቸው ከግዕዛቸው ጋር አንድ ስለሚነበብ እነሱንም ወደዚያው መራኋቸው። የኔታ ቢያዩኝ ጆሮዬን ይቆነጥጡኝ ነበር። ለፍለጋ ብቻ እንጂ የተጻፈው እንደተጻፈ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ ኦዱ በፍለጋ ጊዜ አናክሰንትን እንዲጠቀም ማዘዝ ነው፤ በማዋቀሪያው ፋይል አንድ ቃል።

አንድ ጅልነት ሠራሁ። ደንቡን የጻፍኩት ፖስትግሬስ ይዞት በመጣው ዋናው ፋይል ላይ ነው። ከወራት በኋላ ሰርቨሩን አሻሻልኩ፣ ፋይሉ ተተካ፣ ሦስቱ ሐይቆች ተመለሱ። አሁን በሌላ ስም የራሴ ፋይል አለኝ፤ አናክሰንት ወደሱ እንዲያይ አድርጌዋለሁ።

ስለ ሰዓት አጭር ነገር። የሐይቁ ልጅ ለአንድ ጭነት «ነገ 3 ሰዓት» ብሎ ቀጠሮ ያዘ፣ ሳጥኑም ላይ 3፡00 ብሎ ሞላ። ለሶፍትዌሩ ያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ጠዋት መኪናው ሊነሳ ሲል ወረቀቱ ዘግይቷል ብሎ በቀይ ቆየው። የሰዓት ሳጥኑን በጠዋትና በከሰዓት ምርጫ ቀየርኩት። ትክክለኛው ሰዓት የሚያስፈልግ ከሆነ ከሥሩ በጽሑፍ ይጻፋል፣ እንደምንናገረው።

ሐጂ

የቀረው ሐጂ ናቸው። ሐጂ አይጽፉም። በምንጠቀምበት ስሪት ቻቱ ላይ ድምፅ መቅዳት የለም። ስለዚህ ይደውላሉ። ቅናሽም ዱቤም የሚፈቀደው በስልክ ነው። የሲሚንቶው ጥያቄ ደግሞ የሳቸውን ፈቃድ የሚመለከት ነበር። ማለትም ያን ሁሉ ሠርቼ ዋናው ሰው ከውጭ ናቸው።

«መፍቀጃ» የሚል አንድ ትልቅ ቁልፍ ሠራሁላቸው። ስልካቸው ላይ ከፈትኩላቸው። አንዴ ተጫኑት፣ ወደዱት። ለጥቂት ሳምንት ሁሉም ነገር በሥርዓት ሄደ። ከየቅናሹ ሥር «ሐጂ ፈቅደዋል» ከነሰዓቱ።

አንድ ዓርብ ሒሳብ ሠራተኛዋ ጠራችኝ። «ና እስቲ ይሄን እይ።» ሦስት ፈቃድ ተከታትሎ ተሰጥቷል። ሰዓቱን አየሁ። ሐጂ ጁምዓ ላይ፣ መስጊድ ናቸው። ሲመለሱ ጠየቅናቸው። ሳይደብቁ ነገሩን። የይለፍ ቃሉን ለሽያጩ ልጅ ሰጥተውታል። «ሁልጊዜ ከምትደውልልኝ አንተው ተጫነው አልኩት። አምነዋለሁ እኮ፣ ወላሂ።» ልጁ የዋሸው ነገር የለም። ሁሉንም ሊፈቅዱ የሚችሉት ነበር። መዝገባችን ግን ያልተደረገ ነገር ሲመሰክር ከርሟል።

ቁልፉን አነሳሁ። አሁን የሚሠራው እንዲህ ነው። ሐጂ ይደውላሉ። ስልኩን ያነሳው ሰው ከትዕዛዙ ሥር በራሱ ስም ማስታወሻ ይጽፋል፤ «ሐጂ በስልክ ፈቅደዋል፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ10»። ሒሳብ ሠራተኛዋ ይሄንንም አልወደደችውም። «ማንም ተነስቶ ሊጽፈው ይችላል» ትላለች። እኔ ቢያንስ የጻፈው ሰው ስም አለ እላለሁ። አልተስማማንም። እሷ የራሷን መላ አመጣች። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ለሐጂ ደውላ የቀኑን ማስታወሻዎች ታነብላቸዋለች። «አዎ» ያሉትን ከሥሩ ሁለተኛ ማስታወሻ ጽፋ ታጸድቀዋለች።

ባለፈው ሰሞን አንዱ ላይ ዝም አሉ። ከዚያ «ይሄንስ አላውቀውም» አሏት። 30 ቆርቆሮ ነው፣ በቅናሽ የወጣ። ቃላቸውን እንደነገሯት ጻፈችው። ስልኩን አንስቶ ነበር የተባለውም ከሥሩ ጽፏል፣ የመጋዘኑ ሰውዬም ጽፈዋል። ትናንት ሳየው ገና እየተጻፈበት ነው።